ብራጋ፤ በቡና ጋሪ መንገድ ላይ የበቀለ ሰፈር

የባንዱንግ ከተማ እምብርት የሆነው የብራጋ መንገድ ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከደቡብ ጫፉ ተነስቶ ግራና ቀኙን እያየ የሚያዘግም ሰው ሩብ ሰዓት ቢፈጅበት ነው። በዚህች አጭር መንገድ ዙሪያ ግን ቅኝ ገዢዎቹ ደቾች ዋና ከተማቸውን ሊያመጡባት ሲያልሙ ያነጿቸው ሕንፃዎች፣ የኢንዶኔዥያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የታሰሩባት ጠባብ ክፍል፣ ሃያ ዘጠኝ የእስያና የአፍሪካ መንግሥታት የመከሩበት አዳራሽ ይገኛሉ። ከሕንፃዎቹ ጀርባ ደግሞ ወደ ቺካፑንዱንግ ወንዝ ቁልቁል የሚወርዱ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በወጉ የማያሳልፉ መተላለፊያዎች አሉ። የሰፈሩ ሰው የሚኖረው እዚያ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የጃካርታ ገንዘብ ወደዚህ ሰፈር ዓይኑን ጥሏል። ተዘግተው የከረሙ የሱቅ ሳንቃዎች እየተነሱ ቡና ቤት፣ የፎቶግራፍ ስቱዲዮ፣ ትንንሽ ሆቴል ሆነዋል። ለኑሮም ሆነ ለሥራ ወደ ኢንዶኔዥያ የሚያማትር ሰው ብራጋን ችላ ብሎ ማለፍ የለበትም እላለሁ። ነገር ግን እዚህ የሚከፈለው ዋጋ የጎዳናው ሕይወት ዋጋ መሆኑን ገና ሲነሳ ሊያውቅ ይገባል። ያንን ሕይወት ከሰፈሩ ገፍቶ የሚያስወጣ ባለሀብት ውሎ አድሮ የገዛውን ነገር ራሱ ያጠፋዋል።

ታሪኩን ከቡና እንጀምር፤ ለእኛ አንባቢ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከኢትዮጵያ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሕንድ ማላባር ጠረፍ የተሻገረው የአረቢካ ዘር በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በደቾች እጅ ጃቫ ደረሰ። (ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በባንዱንግ ዙሪያ ያለው የፕሪያንጋን ደጋ ለቡናው ተስማማው። ገበሬው ግን ቡናውን የሚተክለው ወዶ አልነበረም። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ እስከ 20ኛው መባቻ ድረስ ቡና ተክሎ ለቅኝ ገዢው እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። በ1808 እና በ1811 መካከል ገዢው ዳንደልስ ከጃቫ ምዕራብ ጫፍ እስከ ምሥራቅ ጫፍ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀውን ታላቁን የፖስታ መንገድ ሲያስጠርግ፣ የባንዱንግ ከተማም በ1810 ወደ መንገዱ ዳር ተዛወረች። ከዚያ መንገድ ወደ ሰሜን ተገንጥሎ ወደ ቡናው መጋዘን የሚወስደው ጭቃማ የጋሪ መንገድ ነው ዛሬ ብራጋ የሚባለው። መጋዘኑ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን የከተማው አስተዳደር ሕንፃ ቆሟል።

በ1884 ባቡር ገባ። ከዚያ ወዲህ የሻይና የኪና ተክል ባለቤቶች በሳምንቱ መጨረሻ ከየተራራው እየወረዱ ገንዘባቸውን በብራጋ ይበትኑ ጀመር። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ እዚህ የማይሸጥ የቅንጦት ዕቃ አልነበረም፤ የፓሪስ ልብስ፣ የስዊስ ሰዓት፣ የአውሮፓና የአሜሪካ መኪና። ከተማዋ «የጃቫ ፓሪስ» የሚል ቅጽል ስም ያተረፈችውም በእነዚህ ሱቆች ዝና ነው።

ባለሀብት ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ምዕራፍ ግን አለ። በ1910ዎቹ የደች መንግሥት ሙቀቱና በሽታው የጠናበትን ባታቪያን፣ የዛሬዋን ጃካርታን ማለት ነው፣ ትቶ ዋና ከተማውን ወደ ባንዱንግ ለማዛወር ማቀድ ጀመረ። ጣሪያው ላይ የሳቴ ስንጥር የመሰለ ዘንግ ያለው ዝነኛው ገዱንግ ሳቴ ከ1920 ጀምሮ የተገነባው ለዚሁ ዓላማ ነበር። ወሬውን ተከትሎ መሬት ተሸጠ፣ ሆቴል ተሠራ፣ አርክቴክት ከአውሮፓ መጣ። ከዚያ የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ፣ ከቀውሱ በኋላ ጦርነት ተከተለና ዝውውሩ ተጨናግፎ ቀረ። ቢሆንም ገንዘቡ ባክኖ አልቀረም። የባቡር ድርጅቱና የፖስታ ድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤቶች እስከ ዛሬ ባንዱንግ ናቸው፤ በ1920 የተከፈተው የቴክኒክ ትምህርት ቤትም ዛሬ በአገሪቱ አንቱ የተባለው የባንዱንግ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኗል። ቃል የተገባው ዋና ከተማነት ሲቀር ከተማዋን ያቆሟት ደመወዝተኞቿና ተማሪዎቿ ናቸው። ኢንዶኔዥያ በ2022 ሕግ አውጥታ ዋና ከተማዋን ወደ ቦርኒዮ ደሴት ለማዛወር በተነሳችበት በዚህ ዘመን፣ በመንግሥት እቅድ ላይ ተመሥርቶ መሬት የሚገዛ ሰው ይህን ታሪክ ደጋግሞ ቢያነበው ይጠቀማል።

የዚያ ዘመን ሕንፃዎች ዛሬም ቆመዋል። ፕሮፌሰር ቮልፍ ስኩማከር የነደፉት፣ በ1922 ለመጻሕፍት ንግድ የተሠራው «ላንድማርክ» ሕንፃ በብራጋ ላይ ነው። በግንባሩ ላይ የተቀረጸው የካላ ፊት ከጃቫ ቤተ መቅደሶች የተወሰደ ነው፤ ስኩማከር የአውሮፓን ቅርጽ ከአገሬው ጥበብ ጋር ማጋባት ይወዱ ነበር። ትንሽ ወረድ ሲሉ አልበርት አልበርስ በ1936 የነደፉት የባንክ ሕንፃ አለ፤ አግድም የተዘረጉት ጠርዞቹ ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ እንደ መርከብ ጎን ይጠመዘዛሉ። የእኚሁ ሰው ሳቮይ ሆማን ሆቴል ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤቱ የ1926 የምህንድስና ምሩቃን አንዱ የነበሩት፣ በኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሱካርኖ በወጣትነታቸው ከስኩማከር ጋር ሠርተዋል። በ1929 መጨረሻ ሲያዙ የታሰሩት ከብራጋ ጥቂት እርምጃ በሚርቀው የባንቼዪ እስር ቤት ነው። እስር ቤቱ ፈርሶ የንግድ ማዕከል ቢሆንም የሱካርኖ ክፍል በሱቆች ተከባ ቀርታለች። በ1930 ቅኝ ገዢውን የከሰሰ የመከላከያ ንግግራቸውን ያሰሙበት ፍርድ ቤትም ሩቅ አይደለም። አንድ ሰው የተማረበት፣ የሠራበት፣ የታሰረበትና የተሟገተበት ስፍራ ሁሉ በእግር የሚዳረስበት ከተማ ብዙ አይገኝም።

የሰፈሩ ታላቅ ቀን ግን የሃያ ዘጠኙ የእስያና የአፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ የተከፈተበት ሚያዝያ 10 ቀን 1947 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ኤፕሪል 18 ቀን 1955። በብራጋ ደቡብ ጫፍ ያለው፣ ቀድሞ የነጮች መዝናኛ ክበብ የነበረው ኮንኮርዲያ፣ ጉባኤው ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት በሱካርኖ ትእዛዝ «ገዱንግ መርደካ»፣ የነጻነት ሕንፃ ተብሎ ተሰየመ። የቀድሞው የፖስታ መንገድም «እስያ አፍሪካ» ተባለ። ልዑካኑ ከየሆቴላቸው ወጥተው ወደ አዳራሹ በእግራቸው ሲሄዱ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ይቀበላቸው ነበር። ከአፍሪካ የመጡት ስድስት ነበሩ፤ ግብጽ፣ ላይቤሪያ፣ ሊቢያ፣ ገና ነጻነታቸውን ያላወጁት ሱዳንና የዛሬዋ ጋና፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ። ከ1980 ጀምሮ የሕንፃው አንድ ክንፍ የጉባኤው ሙዚየም ነው። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ የአገሩን ስም እዚያ ሲያገኝ የሚሰማው ኩራት የማንም ችሮታ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወንበር የነበራት አገር ናት።

ወደ ኑሮው እንምጣ።

ባንዱንግ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ፣ በተራሮች በተከበበ ሜዳ ውስጥ ትገኛለች። ለጃካርታ ሰው ቀዝቃዛ ናት፤ ለአዲስ አበባ ሰው ግን ከሰዓት በኋላ ካፖርት የማያስፈልግባት ለስላሳ ሞቃት ከተማ ናት። ማታ ዝናቡ ሲያባራ ዝንጅብልና ቡናማ ስኳር የሚፈላበት ባንድሬክ የሚባል መጠጥ በየጥጉ ይሸጣል። ከሩዝ ሊጥ በሸክላ ላይ የሚጋገረው ሱራቢ፣ በለውዝ ወጥ የሚበላው የተጠበሰ ባታጎር፣ በሥጋ መረቅ የተነከረው ሚ ኮቾክ፤ እነዚህን ለማግኘት ከብራጋ መራቅ አያስፈልግም። ቡና የሚወድ ሰው ደግሞ በባንቼዪ መንገድ ከ1930 ጀምሮ ወደሚሠራው «ኮፒ አሮማ» ይሂድ። ጥሬውን ቡና በጆንያ ለዓመታት አስቀምጠው፣ በጎማ ዛፍ እንጨት እሳት ይቆሉታል። እኛ ትኩስ ቡና የምንወድ ሰዎች መጀመሪያ እንጠራጠር ይሆናል፤ አሲዱ የለዘበው ጣዕሙ ግን ሊከበር የሚገባው ሙያ ነው።

የባንዱንግ ሕዝብ በአብዛኛው ሱንዳ ነው። ሱንዳዎች በጨዋነታቸው የታወቁ ናቸው። በሰው ፊት ሲያልፉ ጎንበስ ብለው «ፑንተን» ይላሉ፤ ይቅርታ፣ ልለፍ እንደ ማለት ነው። ሴቷን «ተህ»፣ ወንዱን «ካንግ» ብሎ እህቴ፣ ወንድሜ እያሉ መጥራት ለገበያም ለጉርብትናም በር ይከፍታል። አዲስ ነዋሪ ሲገባ ደግሞ «ኤርቴ» ለሚባለው የመንደር ኃላፊ ቀርቦ መመዝገብ አለበት። በየወሩ ለጥበቃና ለቆሻሻ የሚከፈል ትንሽ መዋጮ አለ። ይህን እንደ ቢሮ ጣጣ አድርጎ የሚያየው የውጭ ሰው ይሳሳታል። ውሃ ሲጠፋ፣ ሌባ ሲገባ፣ ሰው ሲታመም የሚደርስልህ ይኸው መዋጮ የከፈልክበት መንደር ነው። ዕድርን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ቤት ኪራይ በኢንዶኔዥያ በአብዛኛው የሚከፈለው የዓመቱ ባንድ ላይ፣ ቀድሞ ነው። በወር እየከፈለ ለመኖር የሚሻ ሰው «ኮስ» የሚባሉትን ክፍሎች ይከራያል፤ ባለቤቱ ቤቱን ከፋፍሎ ለተማሪና ለሠራተኛ የሚያከራያቸው ናቸው። በብራጋ ዋናው መንገድ ላይ ደግሞ ዋነኛው የቤት ዓይነት «ሩኮ» ነው፤ ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ። ለእኔ የሰፈሩ ጥንካሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባለሱቁ ከላይ የሚያድር ከሆነ መንገዱ ማታም ሰው አለው፤ መብራት አለው፤ ልጅ ይጫወትበታል። ከላይ ያለው ክፍል ዕቃ ማስቀመጫ ሲሆን ግን ጎዳናው ሱቆቹ ሲዘጉ ይሞታል። ብራጋ ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ሸማቹ ወደ ትልልቅ የገበያ ማዕከላት ሲሸሽ ነባር ሱቆች ተዘጉ፣ ፎቁ ባዶ ቀረ፣ መንገዱ ለምሽት ጭፈራ ቤት ብቻ የሚታወቅ ሆነ።

ብራጋን መልሰው ያነቃቁት ሁለት መንገዶች ናቸው። በ2005፣ የጉባኤው ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር፣ ጃካርታን ከባንዱንግ የሚያገናኘው የቺፑላራንግ የክፍያ አውራ ጎዳና ተከፈተ፤ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚያደርስ ሆነና የጃካርታ ቤተሰብ ቅዳሜና እሑድን ባንዱንግ ማሳለፍ ለመደ። በ2023 ደግሞ «ውሽ» የተባለው ፈጣን ባቡር ሥራ ጀመረ። በሰዓት እስከ 350 ኪሎ ሜትር የሚበረው ይህ ባቡር 142 ኪሎ ሜትሩን በ45 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። አሻሻጮች ይህን ቁጥር በትልቁ ይጽፉታል፤ የማይጽፉት ነገር ባቡሩ መሀል ከተማ አለመግባቱን ነው። ወደ ብራጋ የሚመጣ ሰው ፓዳላራንግ ላይ ወርዶ፣ በመጋቢ ባቡር 20 ደቂቃ ያህል ተጉዞ ነው አሮጌው ባንዱንግ ጣቢያ የሚደርሰው። ከጣቢያው ብራጋ በእግር ይደረሳል። በዚያው በ2023 አብዛኛው የአውሮፕላን በረራ ከከተማዋ አየር ማረፊያ ርቆ ወደሚገኘው ከርታጃቲ ተዛውሯል። ስለዚህ የሰፈሩ ደንበኛ ዛሬም በዋናነት የጃካርታ ሰው ነው፤ የሚመጣውም ዓርብ ማታ ነው።

ይህ የሳምንት መጨረሻ ገበያ በረከትም ፈተናም አለው። በ2024 የከተማው አስተዳደር በሳምንቱ መጨረሻ ብራጋን ለመኪና እየዘጋ ለእግረኛ ብቻ ክፍት ማድረግ ጀመረ። መንገዱ ያኔ በሰው ይጥለቀለቃል፤ ሠዓሊዎች ሥዕላቸውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ፣ ወጣቱ ፎቶ ይነሳል። ማክሰኞ ጠዋት ሲሄዱ ግን ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። የቅዳሜን ግርግር አይቶ የኪራይ ውል የሚፈርም ነጋዴ ኪራዩን የሚከፍለው ለሰባት ቀን መሆኑን ይረሳል። ተከፍተው በዓመታቸው የሚዘጉ ቡና ቤቶች የሚበዙት በዚህ የተነሳ ነው ብዬ አምናለሁ። በአንጻሩ ለሰፈሩ ሰው ጭምር የሚሸጡት፣ ዳቦ ቤቱ፣ ሩዝ ቤቱ፣ መነጽር ሠሪው፣ ማክሰኞንም ይሻገራሉ።

ንብረት መግዛት ለሚያስብ የውጭ ዜጋ ሕጉ ቀላል አይደለም፤ በጥሞና መነበብ አለበት። በ1960 የወጣው የኢንዶኔዥያ የመሬት መሠረታዊ ሕግ «ሀክ ሚሊክ» የሚባለውን ሙሉ የባለቤትነት መብት ለዜጎች ብቻ ይሰጣል። የውጭ ዜጋ የመኖሪያ ፈቃድ ካለው «ሀክ ፓካይ»፣ የመጠቀም መብት ሊያገኝ ይችላል። በ2021 በወጣው ደንብ መሠረት ይህ መብት በመጀመሪያ ለ30 ዓመት ይሰጣል፣ በ20 ይራዘማል፣ በ30 ይታደሳል፤ ባጠቃላይ 80 ዓመት። ሊዝን ለምናውቅ ሰዎች አሠራሩ እንግዳ አይሆንብንም። መንግሥት በየክፍለ አገሩ የውጭ ዜጋ ሊገዛው የሚችለውን ቤት ዝቅተኛ ዋጋ ወስኗል፤ ርካሹ ቤት ለዜጋው እንዲቀር ማለት ነው። ይህን ፍትሐዊ ሆኖ አገኘዋለሁ። በኢንዶኔዥያ ሕግ የተቋቋመ ኩባንያ ደግሞ በመሬት ላይ የመገንባት መብት ሊይዝ ይችላል፤ ሆቴል ወይም ምግብ ቤት ለሚከፍት ሰው ዋናው በር ይኸው ነው።

በአገሬው ሰው ስም መግዛትን ግን በብርቱ አስጠነቅቃለሁ። «የባለቤቴ ወንድም ስም ላይ ይሁን»፣ «ጓደኛዬ ታማኝ ነው» የሚሉ ውሎች በብዙ ደላላ ቢሮ እንደ መፍትሔ ይቀርባሉ። የ1960ው ሕግ 26ኛ አንቀጽ ንግግሩ ግልጽ ነው፤ ባለቤትነትን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለውጭ ዜጋ የሚያስተላልፍ ውል ፈራሽ ነው፣ መሬቱ ወደ መንግሥት ይመለሳል፣ የተከፈለውም ገንዘብ አይመለስም። የዕድሜ ልክ ጥሪት ይዞ የሚገባ ሰው ይህን አንቀጽ ራሱ አስተርጉሞ ሳያነብ አንድ ሩፒያ አይክፈል። ግዢው ሕጋዊ ሲሆን ውሉ የሚፈረመው በመሬት ውል ሹም ፊት ነው፤ ከዚያ በፊት የይዞታ ሰርተፊኬቱ ከመሬት ቢሮው መዝገብ ጋር መመሳከር አለበት። ገዢው 5 በመቶ፣ ሻጩ 2.5 በመቶ ግብር ይከፍላሉ።

ብራጋ ላይ ሌላ ሕግ ይጨመራል፤ የቅርስ ሕግ። በ2018 የወጣው የባንዱንግ ከተማ ደንብ ቅርስ የሆኑትን ሕንፃዎች በደረጃ መድቧቸዋል። ከፍተኛው ደረጃ ላይ ያለ ሕንፃ መልኩን መለወጥ አይቻልም፤ በሌሎቹም ላይ ግንባሩን መንካት ፈቃድ ይጠይቃል። አንዳንድ ባለሀብቶች ይህን እንደ እንቅፋት ያዩታል። በእኔ እምነት በመላው ሰፈር ለገንዘባቸው የቆመ ጠባቂ ቢኖር ይህ ደንብ ነው። ጎረቤትህ የ1920ዎቹን ሕንፃ አፍርሶ ባለ መስታወት ፎቅ ሊተክል ቢችል አንተ ያደስከው ግንባር ዋጋው ምን ይቀረዋል? ከ1987 ጀምሮ ለእነዚህ ሕንፃዎች ሲሟገት የኖረው የባንዱንግ ቅርስ ማኅበር ሰዎች ያለ ደመወዝ ባይደክሙ ኖሮ ዛሬ የሚገዛ ብራጋ ባልኖረ ነበር።

ሁለት አደጋዎችን ሳልጠቅስ ባልፍ አንባቢን እበድላለሁ። ከከተማዋ በስተሰሜን 29 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የሌምባንግ ስንጥቅ አለ፤ ባንዱንግ ራሷ የተቀመጠችው በጥንት ሐይቅ ደለል ላይ ነው፣ ደለል ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥን ያጎላል። የመቶ ዓመት የጡብ ግንብ የሚያድስ ሰው ከቀለምና ከመብራት በፊት ለመዋቅር መሐንዲስ ይክፈል። ሁለተኛው ውሃ ነው። በጃንዋሪ 2024 የቺካፑንዱንግ ወንዝ ግድብ ግንብ ተደርምሶ ከብራጋ ጀርባ ያሉት መተላለፊያዎች በጎርፍ ተጥለቀለቁ፣ ብዙ ቤቶች ተጎዱ። ከላይ ያለው የብራጋ መንገድ ግን በቦታው ከፍታ ተረፈ። ቡናውን የሚያፈላው፣ ሳህን የሚያጥበው፣ ሌሊት የሚጠብቀው ሰው የሚያድረው ታች ነው። የታችኛው ሰፈር ከውሃ ካልተጠበቀ የላይኛው ሱቅ ጠዋት የሚከፍተው አያገኝም፤ የወንዙን ግንብ ጉዳይ የመንግሥት ብቻ አድርጎ የሚተው ባለሀብት ሒሳቡን አልጨረሰም።

ገንዘቡ የእኔ ቢሆን መሬት አልገዛም ነበር። ባለ ሁለት ፎቅ ሩኮ ለረጅም ዓመት በኪራይ እይዛለሁ፤ ግንባሩን በደንቡ መሠረት አድሳለሁ፤ ታች የማክሰኞ ደንበኛ የሚገባበት ሱቅ፣ ላይ ሰው የሚያድርበት ቤት አደርገዋለሁ፤ ሠራተኛ የምቀጥረውም ከጀርባ ካሉት መተላለፊያዎች ነው። ውሉን የምፈርመው ደግሞ በደረቁ ወራት አይሆንም። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ በሥራ ቀን ሄጄ ጣሪያው የት የት እንደሚያፈስ፣ ወንዙ ምን ያህል እንደሚሞላ፣ ኤርቴው ስለ ባለቤቱ ምን እንደሚል ሰምቼ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ እነጋገራለሁ።